በሁለት ኪሎ ያመለጠን አውሮፕላን

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ? ደረጃ ስትወጪ የሚቆረጥምሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ታነክሻለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ትበላልሻለች? እንቅልፍ ይወስዳታል? ግድግዳውን እየዳበሰች ብቻዋን ወደ ደጅ መውጣቷን ተወችልሽ? ሾፌሩ ባልሽስ፣ ወገቡን እንዴት አደረገው? ልጆችሽስ? ያቺ ፈተና ሲደርስ እህል አልቀምስም የምትለው ትልቋስ? ስለ ሁላችሁም ሳስብ ነው የምውለው። እኛ በጤና በኩል ደህና ነን። በሌላ በኩል ግን ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ፣ እዚህ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን የሚያጥፈው ሰውዬ፣ ባለቤቴ፣ ውሸት ሳያነበው ይሸተዋልና ይቅርብኝ።

እሑድ ዕለት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘግተሽብኛል። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ብደውል አላነሳሽም። ታላቅሽ ነኝና ልቆጣሽ ይገባኝ ነበር። ግን «ሰባት ወር ሙሉ እኔ ብቻዬን ሳስታምም አንቺ የልጅ ልጅ አቅፈሽ ከረምሽ፣ አሁን ደግሞ በሻንጣ ሚዛን ቀረሁ ትይኛለሽ?» ያልሽኝን ሳስበው ከየት ጀምሬ እንደምቆጣ ጠፋኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ያንቺ ግን ወለምታ አይደለም፣ እውነት ነው፤ ያመመኝም እሱ ነው። በስልክ ብናወራ ደግሞ ሁለታችንም የእማዬ ልጆች ነንና አንዳችን ሳንጨርስ ሌላችን እንጮሃለን። ስለዚህ ከእንግዳ ተቀባዩ ወረቀት ለምኜ ይኸው ተቀመጥኩ። በወረቀት አታቋርጪኝም።

ሐሙስ መሆኑን አልረሳሁም። የዓይን ሐኪሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሚመጣ፣ የእማዬ የዓይን ቀዶ ሕክምና ተራ ሐሙስ ጠዋት እንደሆነ፣ ቅዳሜ ጓዙን ጠቅልሎ እንደሚሄድ፣ ሌላ ስድስት ወር ከቆየች ያቺ የቀረቻት ጭላንጭልም ልትጠፋ እንደምትችል፣ ሁሉንም ነግረሽኛል። እማዬም የምታምነው ሰው አጠገቧ ካልቆመ አልጋው ላይ አልወጣም ማለቷን ነግረሽኛል። እኛ ባለፈው ዓርብ ቤት መግባት ነበረብን። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ በማናውቀው ከተማ፣ በመንገደኞች ማረፊያ ውስጥ አራተኛ ቀናችንን ይዘናል። እንዴት እዚህ እንደቀረን ከሥሩ ልንገርሽና ከዚያ ፍረጂኝ።

ስንሄድ ለሦስት ወር ነበር። አራሷን ልጃችንን ረድተን፣ ሕፃኗን ስመን ልንመለስ። ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ልጃችን ሥራ መግባት ነበረባት። እሷ ልብስ ማጠቢያ ቤት በፈረቃ ትሠራለች፣ ባሏ አውቶቡስ ይነዳል፣ ሕፃኗን የሚይዝ ሰው የለም። «አንድ ወር ብቻ፣ እማ» አለችኝ። ከዚያ ሌላ አንድ ወር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ትኬቱን ባስለወጥን ቁጥር ላንቺ የምደውለው እኔ ነኝ፣ «ግድ የለም» የምትይውም አንቺ ነሽ። ግድ እንዳለሽ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ሕፃኗ ጣቴን ይዛ ነበር የምትተኛው። የራሴን ጥፋት አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለ ሰው ሳወራ አፌ እንዲጠናልኝ ነው።

ባለቤቴን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ አራት ዓመት በገበያ እየዞረ ሚዛን ሲመረምር የኖረ ሰው፣ እሱ ጡረታ ቢወጣ ዓይኑ አይወጣም። በኛ ገበያ ስሙን ትተው «ጋሽ ልክ አይደለም» የሚሉት በከንቱ አይደለም። ያቺን ከነሐስ የተሠራች የአንድ ኪሎ መመዘኛውን በካልሲ ጠቅልሎ ይዟት እንደሄደ ያወቅኩት ከደረስን በኋላ ነው። ምን ታደርግልሃለች ብለው «ትኑር» አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሥጋ ቤት ገባና፣ ቋንቋውን ሳይችል፣ ኪሎዋን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን በጣቱ እያሳየ ራሱን ነቀነቀ። ሥጋ ሻጩ ቢላውን እንደያዘ ወጣብን። በሦስተኛው ቀን ሚዛኑን ፈትቶ ሲያስተካክልለት ወዳጅ ሆኑ። ከዓሣ ሻጩ ጋር ግን እንደተኳረፉ ቀሩ፤ በእሱ ምክንያት አትክልት ለመግዛት በጀርባ መንገድ ስዞር ከረምኩ።

አንድ ጊዜ ግን በጅቶናል፣ እሱንም ልመስክር። ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ሕፃኗ ክብደት አልጨመረችም ብላ ልጃችንን አስደነገጠቻት። ልጄ «ወተቴ አነሳት» እያለች ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግብ ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ተከትሎን ሄደና፣ ሕፃኗ ከመመዘኗ በፊት የነሐስ ኪሎዋን ከካልሲው አወጣት። ሚዛኑ ሦስት መቶ ግራም ያጎድል ነበር። ልጃችን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ነርሷም ይቅርታ ጠየቀች። እሱ ማን እንዳለቀሰ እንኳ አላየም፣ የሚያወራው ስለ ሚዛኑ ብሎን ነበር። ያን ቀን ኮርቼበታለሁ።

የመመለሻው ቀን ደረሰ። የእማዬን ቀጠሮ ከነገርሽን በኋላ ልጃችንም ቆዩ አላለችም። እሱ ከመነሳታችን በፊት ባለው ቀን ሁለቱን ሻንጣዎች ራሱ ባስተካከለው ተንጠልጣይ ሚዛን መዘናቸው። እያንዳንዳቸው ሃያ ሦስት ኪሎ፣ የተፈቀደው ያህል፣ ሳይተርፍ ሳይጎድል። እኔ ሁለት ሁለት ሹራብ እናውጣ፣ ነገሩ አይታወቅም አልኩ። «ምኑ ነው የማይታወቀው? መዝኜዋለሁ እኮ» አለኝ። ያን ጊዜ ሹራቦቹን ደራርቤ ለብሼ ብወጣ ኖሮ ዛሬ እማዬ አጠገብ ነበርኩ።

አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘን የልጃችን ባል ነው፤ የሚያስተረጉምልንም እሱ ነበር። ተራችን ሲደርስ አንገቷ ላይ ሻርፕ ያሰረች ልጅ እግር ሠራተኛ የመጀመሪያውን ሻንጣ አስመዘነች፤ ሃያ አምስት አለ። ሁለተኛውን ደገመች፤ እሱም ሃያ አምስት። ሁለት ሁለት ኪሎ አውጡ አለችን። እኔ ወዲያው ተንበርክኬ ዚፑን ከፈትኩ። የልጆችሽ ጫማ፣ የእማዬ ወፍራም ካፖርት፣ የሕፃኗ ፎቶግራፎች፣ ሁሉም በሰው ፊት ተዘረገፈ። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሻንጣውን አየ፣ ሚዛኑን አየ፣ ከዚያ ያን ቃሉን አወጣት። «ልክ አይደለም» አለ።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ እኔን ነው የምታዝኚልኝ። ልጅቱ ክፉ አልነበረችም። ከጎናችን ያለው ሚዛን ባዶ ነበርና «እሺ፣ እዚያኛው ላይ እንመዝነው» አለች። ሦስት እርምጃ ነው፣ እህቴ። ሦስት እርምጃ ብንራመድ ሃያ ሦስት ይላል፣ እንሳፈራለን፣ ቤታችን እንገባለን። እኔ ሻንጣውን መጎተት ጀምሬያለሁ። እሱ እጁን ሚዛኑ ላይ አሳርፎ «እኛ ወደዚያ ብንሄድ ከኋላችን ያለችው ሴትዮስ?» አለ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ሦስት ሻንጣ የያዘች የማናውቃት ሴት ቆማለች። እማዬ እየጠበቀች ነው አልኩት። «ገና ሁለት ሰዓት አለን፣ ይኼ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው» አለኝ። አሥር ደቂቃ። ደሜ ፈላ፤ ግን በሰው ፊት ባሌን እንዴት ልሳደብ?

ከዚያ ኪሎዋን ከእጅ ቦርሳው አወጣት። በካልሲ የተጠቀለለ ከባድ ብረት ከቦርሳ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አስቢው። ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ያለበት ጠባብ ክፍል አስገቡን። ካልሲውን ፈቱ፣ ኪሎዋን አገላበጡ፣ ፎቶ አነሷት፣ በመሣሪያ አሳለፏት። የልጃችን ባል ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ስለ አማቱ ሥራ ያስረዳል። ባሌ ራሱ ግን ሠላሳ አራት ዓመት በተቀመጠበት ቢሮ እንዳለ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። በመጨረሻ የእነሱ ኃላፊ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሽማግሌ፣ ነገሩ ገርሞት ኪሎዋን ይዞ ሄዶ በሚዛኑ ሞከራት። መቶ ግራም ገደማ ጨመረባት። ባዶውን ሲሆን ዜሮ ይላል፣ ሲከብድበት ይዋሻል።

ባለሙያ ተጠራ፣ ሚዛኑ ላይ ቀይ ጥብጣብ ታሰረበት፣ ሰልፈኛው ሁሉ ወደ ሌላው ሚዛን ተመራ። ባለ ሦስት ሻንጣዋ ሴትዮ ትርፍ የለብሽም ተብላ እጇን እያውለበለበችልን ገባች። ኃላፊው የባሌን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ልክ ነበርክ አለው። ባለ ሻርፗ ልጅ ግን መስኮቷ ላይ ያለውን ሰዓት አይታ አንገቷን ደፋች፤ የእኛ አውሮፕላን ተዘግቷል። ከዚያ ሰልፍ ሁሉም ሰው ሄዶ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። «ጥፋቱ እኮ የሚዛኑ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። እኔ ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማርኩ ሴት፣ ተማሪዬ ቢሆን ጥግ አቆመው ነበር። ባሌ ስለሆነ እስከ ማግስቱ አላናገርኩትም።

በማግስቱ እስከዚህ ከተማ አደረሱን። ከዚህ ወደ እናንተ የሚመጣው አውሮፕላን በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ እሑድና ረቡዕ። እሑድ ሞልቷል ተባልን። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሚኒባስ ከማረፊያው በር ወስዶ አውሮፕላን ማረፊያው የትኬት መስኮት ጋ ያደርሰናል፤ መስኮቷ ላይ ያለችው ሴት ስማችንን ትጽፋለች፣ «ነገ» ትለናለች፣ ሚኒባሱ ይመልሰናል። ትላንት የጻፈችውን ወረቀት ዛሬ የት እንዳደረገችው እሷም አታውቅም። ክፍላችን መስኮት አለው፣ መስኮቱ ግን የሚያሳየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳና የሚያንጠባጥብ የአየር ማቀዝቀዣ ነው። ሸሚዙን መታጠቢያው ውስጥ አጥቤ ወንበር ላይ አሰጣለሁ፤ ሳይደርቅ ይለብሰዋል። ምሳ ለመብላት ካርድ ይሰጡናል፣ ካርዱ የሚሠራው ምግቡ ካለቀ በኋላ ነው። ተስፋ ከመቁረጥ ይልቅ መናደድ ይሻለኛል፣ ቢያንስ ያሞቃል።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ነው እሑድ የደወልኩልሽ፤ አንቺም ያን ቃል የነገርሽኝ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እማዬ የምትጠብቀው እኔን መስሎኝ ነበር። የበኩር ልጇ ነኝ፣ በየመስኮቱ የለመንኩትም እጇን ይዤ ልቆም ነው ብዬ ነው። አንቺ ግን «አንቺን መቼ አለች? ጋሼን፣ ባልሽን ነው የምትለው» አልሽኝ። እማዬ «ሐኪሙም ያያሉ ይለኛል፣ ልጆቼም ታያለሽ ይሉኛል፣ ሁላችሁም ልትደልሉኝ ነው፤ እውነቱን የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነው፣ እሱ ሐኪሙን ጠይቆ ካልነገረኝ አልነካም» አለች አልሽኝ። ስልኩን የዘጋሽው ከዚያ በኋላ ነው። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ በእናቴ ምክንያት በባሌ ቀናሁ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም።

እማዬ ለምን እንደምታምነው ደግሞ አውቃለሁ። አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ ላታስታውሺው ትችያለሽ። ድንችና ሽንኩርት ትሸጥ በነበረ ጊዜ ገና ጀማሪ መርማሪ ሆኖ መጣና ሚዛኗን ፈተሸ። ገበያው ሁሉ ሊቀጣት ነው ብሎ ቆሞ ያያል። «እማማ፣ ሚዛንዎ ልክ አይደለም፤ የሚጎዳው ግን እርስዎን ነው» አላት። ለካ ለዓመታት በየኪሎው ሃምሳ ግራም ጨምራ ስትሰጥ ኖራለች። ደንበኞቿ ሁሉ ያውቃሉ፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አላላትም። በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌ ሲልክ እማዬ ስለ ዘሩም ስለ ደመወዙም አልጠየቀችም፤ ስጨምርላቸው አይተው ካለፉኝ ይልቅ ጎደለብዎ ያለኝ ይሻለኛል ብላ ሰጠችኝ። እኔን ማን ጠየቀኝ? እኔም ግን አልከፋኝም።

ትላንት መስኮቷ ላይ ያለችው ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችን። ለረቡዕ አንድ መቀመጫ ተገኝቷል፣ ሁለት አይደለም፤ ሌላችሁ እሑድ አለች። እሱ ንግግሯን ሳያስጨርሳት «የእሷን ስም ጻፊ» ብሎ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። አንቺ ልጇ ነሽ፣ አንቺ ሂጂ አለኝ። እኔ ያን ጊዜ ያንቺን ቃል ገና አልነገርኩትም ነበር። ሁለት ቀን ሆዴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ሻንጣ የማስተካክለው ለራሴ ነበር። ቤት ገብቼ እማዬን ማቀፍ ምን ያህል እንደናፈቀኝ አንቺ ታውቂያለሽ።

ወንበር ላይ አስቀምጬ ነገርኩት። ከዚያ አንቺን በሰው አገር ብቻሽን ትቼ አልሄድም አለ። ሠላሳ ዓመት ስድሳ ሕፃናት በአንድ ክፍል የያዝኩ ሰው አንድ ክፍልና ሁለት ሻንጣ አያቅተኝም አልኩት። ደግሞ አሰበና «ያያሉ ልላቸው አልችልም። በዚህ ዕድሜ ይዩ አይዩ እኔ አላውቅም» አለኝ። ይኼ ነው እንግዲህ ያስጨነቀው፣ ይኼ ነው የእኔ ባል። ያንኑ በላት አልኩት። አላውቅም በላት፣ ሐኪሙ ያለህን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገራት፣ ከዚያ እጇን ያዝ። መስኮቷ ላይ ያለችው ሴት ስሙን ጻፈች፤ ወረቀቱንም እንዳይጠፋ እኔው ራሴ ይዤው መጣሁ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ ያማሁት ሰውዬ ራሱ ነው። አሁን ታሽጎ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ይገባል፤ የታሸገ ነገር እንደማይከፍት ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ፣ አለዚያ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ነገ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፣ ባልሽ ከአውሮፕላን ማረፊያ ይቀበለው። የደም ግፊት ክኒኑን ከቁርስ በኋላ አስታውሺው። አትቆጪው፤ ለሁለታችንም የሚበቃ ተቆጥቼዋለሁ። ኪሎዋን ለእኔ ትቶልኛል፣ እሑድ ሻንጣ ሲመዘን ልክ ካልሆነ አውጫት ብሎ። እኔ ግን እሑድ ሚዛኑ ሠላሳ ቢል ሠላሳ ነው እላለሁ፣ አራቱንም ሹራብ ለብሼ እገባለሁ። ኪሎዋም ሻንጣው ሥር ካልሲዋን እንደለበሰች ትተኛለች።

ስደርስ አንቺ ለሰባት ወር ትተኛለሽ፣ እማዬን እኔ አነሳታለሁ፣ እኔ አስተኛታለሁ። ይህን የምልሽ ልትታረቂኝ ብዬ አይደለም፤ ተራዬ ስለሆነ ነው።

ባልሽን ወገብህን አደራ በይልኝ፣ ሻንጣ ተሸካሚ እንዳይሆን፤ የሚመጣው ሰው የያዘው የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው። ትልቋን ብሊ ብላለች በያት፣ የተራበ ጭንቅላት አያጠናም። መንታዎቹን ጫማችሁ እሑድ ይመጣል፣ ጠባብ ከሆነ ግን ተጠያቂዋ ልካችሁን የነገረችኝ እናታችሁ ናት በያቸው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋን፣ እማዬን ለማየት ማታ ማታ ስለምትመጣልሽ፣ በእኔ ፈንታ ሳሚያት። አንቺን ራስሽን ያን የምታነክሽበትን ጉልበትሽን እስማለሁ።

ለእማዬ ምንም አትንገሪያት። እሱን «ልጄ የት ቀረች?» ብላ ትጠይቀዋለች። ምን ብሎ እንደሚመልስላት አልነገርኩትም፣ መንገርም አያስፈልገኝም። መቀመጫው አንድ ብቻ ነበር፣ ለእኔ ሰጥታኝ እሷ ቀረች ይላታል። አንቺ ብትነግሪያት ልታስደስቺኝ ነው ትላለች። ከእሱ ከሰማችው ግን ታምናለች።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ

ከመንገደኞች ማረፊያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ግድግዳውን ከሚያየው ክፍል
ማክሰኞ፣ የካቲት 14